ጉማራና ርብ ሲቀጥኑ ነጭ ዓሣን የማትረፍ ሥራ

ጥር ሲጋመስ፣ እንደ ርብ ሁሉ ወደ ጣና ሐይቅ በሚገባው ጉማራ ወንዝ ዳር ቆሞ ጆሮውን ለሰጠ ሰው፣ ከውሃው ድምፅ ይልቅ የሞተሩ ድምፅ ይበልጥበታል። በደራም በፎገራም ወረዳ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ የሚበቅለው ከወንዙ በሚሳብ ውሃ ነው። ይህ መመሪያ ማንንም ሽንኩርትህን አድርቅ አይልም። ዓሣው ከወንዙ የሚፈልገው ውሃ ብዙዎች ከሚያስቡት ያነሰ ነው፤ ነገር ግን በተወሰነ ቦታ፣ በተወሰነ ጊዜ መኖር አለበት። ከሞተሮቹ መካከል የትኛው፣ የት፣ መቼ ይቁም የሚለው ከተመለሰ አብዛኛው ሥራ ተሠራ ማለት ነው። የተጻፈው የመስኖ ውሃ ለሚያከፋፍሉ የውሃ አባቶች፣ ለመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት፣ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለአስጋሪዎች ነው።

ነጭ ዓሣ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው አንድ ዓይነት ዓሣ አይደለም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ስለነጠለው፣ ጣና ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ላቤኦባርበስ ከተባለው የዓሣ ወገን ከደርዘን በላይ ዝርያዎች ተፈጥረዋል። ከእነዚህ ቢያንስ ሰባቱ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው እንደ ጉማራ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ይጓዛሉ። በገባር ጅረቶች ላይ ንጹሕና ፈጣን ውሃ በሚያልፍበት ጠጠር መካከል እንቁላል ይጥላሉ። ጊዜው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው። ጫጩቶቹ ከዚያ በኋላ ቀስ እያሉ ቁልቁል ይወርዳሉ። ውሃው ቀድሟቸው ከሸሸ ግን በየኩሬው ተይዘው ይቀራሉ፤ ሞተር የሚያገኛቸውም እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 በተደረገ ክትትል ወንዝ ወጥተው እንቁላል የሚጥሉት ዝርያዎች በ75 በመቶ ገደማ ማሽቆልቆላቸው ታይቷል። ያኔ ዋናው ተጠያቂ በወንዝ አፍ ላይ የሚጣለው መረብ ነበር። የውሃው መቀነስ የመጣው በዚህ ላይ ተደርቦ ነው።

ወንዙንም ሞተሩንም መለካት

ሳይለካ የሚደረግ ስምምነት በመጀመሪያው የደረቅ ሳምንት ይፈርሳል። የላይኛው «ውሃው ሞልቷል» ሲል የታችኛው «ደርቋል» ይላል፤ ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። ለመለኪያው ሜትር፣ የእጅ ስልክ ሰዓትና ግማሽ ድረስ ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይበቃሉ።

ቀጥ ብሎ የሚፈስ 10 ሜትር ቦታ ምረጡና ሁለቱን ጫፎች በገመድ ምልክት አድርጉ። የወንዙን ስፋት ለኩ። ከዳር እስከ ዳር በእኩል ርቀት ቢያንስ አምስት ቦታ ላይ ጥልቀቱን ለክታችሁ አማካዩን አውጡ። ጠርሙሱን ከላይኛው ገመድ ትንሽ ከፍ ብላችሁ ጣሉትና 10 ሜትሩን በስንት ሰከንድ እንደሚጨርስ ያዙ፤ አምስት ጊዜ ደጋግማችሁ አማካዩን ውሰዱ። የላዩ ውሃ ከታቹ ይልቅ ስለሚፈጥን የተገኘውን ፍጥነት ወለሉ አሸዋ ከሆነ በ0.85፣ ድንጋያማ ከሆነ በ0.7 አባዙት።

ለምሳሌ ስፋቱ 6 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 25 ሳንቲ ሜትር፣ ጠርሙሱ የፈጀው ጊዜ 50 ሰከንድ ቢሆን፦ 6 × 0.25 = 1.5 ካሬ ሜትር፤ 10 ÷ 50 = 0.2 ሜትር በሰከንድ፤ 1.5 × 0.2 × 0.85 = 0.255። ይህ በሰከንድ 255 ሊትር ማለት ነው።

ቀጥሎ ሞተሩን። ባለ 3 ኢንች ሞተር ካርቶኑ ላይ በሰከንድ 16 ሊትር ገደማ ይሰጣል ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ ከፍ ወዳለ ማሳ ሲገፋና ሲያረጅ ግን ያንን አያወጣም። ስለዚህ የቱቦውን መውጫ ባለ 200 ሊትር በርሜል ውስጥ ክተቱና እስኪሞላ ያለውን ሰከንድ ቁጠሩ። 22 ሰከንድ ከፈጀ በሰከንድ 9 ሊትር ነው። እንዲህ ያሉ 20 ሞተሮች በአንድ ጊዜ ቢነሡ 180 ሊትር ይስባሉ፤ ከላይ ካለው ወንዝ የሚተርፈው 75 ሊትር ብቻ ነው። መጋቢት ላይ ወንዙ ራሱ ወደ 150 ሲወርድ ሒሳቡ ከዜሮ በታች ይሆናል፤ ወንዙ በየቦታው የሚቆራረጠው ያኔ ነው።

ችካል በመሻገሪያው ላይ

ለዕለት ተዕለት ሥራ የሊትር ሒሳብ አያመችም፤ እረኛም ሊያነበው የሚችል ምልክት ያስፈልጋል። የወንዙ ጥልቀት ከሁሉም የሚያንሰው ሰውና ከብት በሚሻገርበት ቦታ ስለሆነ ዓሣም የሚታገደው መጀመሪያ እዚያ ነው። በመሻገሪያው ጥልቅ መስመር ላይ ብረት ወይም ጠንካራ እንጨት ትከሉና በቀለም ሁለት መስመር አስምሩበት።

ታችኛው መስመር 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሁን። ይህ ለጫጩቶች ነው፦ ከአምስት እስከ አሥር ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ጫጩት የጀርባና የሆዱ ስፋት ከሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ 10 ሳንቲ ሜትር ውሃ በደኅና ያሳልፈዋል። ላይኛው መስመር 25 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሁን። ይህ እንቁላል ለመጣል ለሚወጣውና ጥሎ ለሚመለሰው ትልቅ ዓሣ ነው። ከጥቅምት እስከ ኅዳር መጨረሻ፣ እንዲሁም ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ላይኛው መስመር ይጠበቅ፤ በመሀሉ ባለው በጋ ደግሞ ታችኛው። ችካሉ በጎርፍ እንዳይወሰድ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል መቀበር አለበት። አሸዋ ከተሞላበት ወይም ከታጠበበት ንባቡ ስለሚዋሽ በወር አንድ ጊዜ ከወለሉ ተነሥታችሁ በሜትር አረጋግጡ።

ውሃው ከመስመሩ ሲወርድ ምን ይደረጋል? ሞተሮቹን ሁሉ ማስቆም አያስፈልግም። በሁለት ወይም በሦስት ምድብ ከፍላችሁ በተራ አስነሡ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የምድቡ አከፋፈል ነው። ምድቡ በሰፈር ከተከፈለ የአንድ ሰፈር ሞተሮች በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ተሰብስበው በተራቸው ቀን ያንን ቦታ ያደርቁታል። ይልቅ ከላይ እስከ ታች አንድ ሁለት ሦስት እያላችሁ እያፈራረቃችሁ መድቡ፤ ያኔ በየትኛውም ቀን የሚሳበው ውሃ በወንዙ ርዝመት ይበተናል።

ሌላው የሚረሳው የውሃው ጉዞ ነው። በሰከንድ 20 ሳንቲ ሜትር የሚፈስ ወንዝ በሰዓት 700 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ላይ ያሉት ማታ 12 ሰዓት ላይ ሞተር ቢያጠፉ፣ 10 ኪሎ ሜትር ታች ያለው ሰው ውሃውን የሚያየው በማግስቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት አካባቢ ነው። በመሀል የጎደለ ኩሬ ካለ ደግሞ መጀመሪያ እሱ ይሞላል። «ሞተር አጠፋን፣ ምንም አልመጣም» እየተባለ ስምምነት የሚፈርሰው ይህ ስለማይታወቅ ነው። የላይኛው ተራ ከታችኛው ቢያንስ በግማሽ ቀን ቀድሞ ይጀምር።

የሞተሩን አፍ መከለል

ኅዳር ላይ አዲስ የተቀዳ ቦይ ዳር ጎንበስ ብሎ ላየ ሰው፣ በሽንኩርቱ መደብ መካከል የጣት አንጓ የሚያክሉ ብርማ ጫጩቶች ጭቃ ላይ ሲንፈራገጡ ይታያሉ። ገበሬውም ቢሆን ይህን አይፈልገውም። ከሞተሩ ጋር የሚመጣው ማጣሪያ የተሠራው ድንጋይ ለመከልከል ነው፤ ጫጩት በቀዳዳው በቀላሉ ያልፋል።

ብዙዎች የሚሞክሩት ወንፊት በቱቦው ጫፍ ላይ መጠቅለል ነው። ይህ አይሠራም፤ ምክንያቱ ደግሞ የቀዳዳው መጠን ሳይሆን የውሃው ፍጥነት ነው። ደካማ ጫጩት ሊያመልጠው የሚችለው መሳብ በሰከንድ 6 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ባለ 3 ኢንች ቱቦ ጫፍ ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ወንፊት ብትጠቀልሉ ስፋቱ 0.035 ካሬ ሜትር ብቻ ይሆናል። 9 ሊትር በዚያ ሲያልፍ ፍጥነቱ በሰከንድ 26 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ጫጩቱ ባያልፍም ወንፊቱ ላይ ተለጥፎ ይሞታል።

መፍትሔው ሰፊ ቅርጫት ነው። ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ አንድ ዘንግ (12 ሜትር) ይበቃል። ዲያሜትራቸው 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሦስት ቀለበቶች አብጁ፤ ለእያንዳንዱ ከመደራረቢያው ጋር 167 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። በ60 ሳንቲ ሜትር ቁመት ስድስት ቋሚዎች በይዱ፤ ለታችኛው ቀለበት ሁለት ባለ 50 ሳንቲ ሜትር ብረት አመሳቅላችሁ አክሉ። ዙሪያውንና ሥሩን ቀዳዳው 2 ሚሊ ሜትር በሆነ የሽቦ ወይም የፕላስቲክ ወንፊት ሸፍኑና በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በቀጭን ሽቦ እሠሩት። ከቅርጫቱ 30 ሳንቲ ሜትሩ ብቻ ውሃ ውስጥ ቢገባ እንኳ 0.47 ካሬ ሜትር ወንፊት አላችሁ፤ ለ9 ሊትር የሚያስፈልገው ግን 0.15 ነው። ትርፉ የተያዘው ወንፊቱ በአልጌና በቅጠል ስለሚደፈን ነው።

ቅርጫቱን ከወለሉ ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ አስቀምጡት። የቱቦው አፍ መሀል ላይ ይሁን፤ ወደ አንድ ጎን ከተጠጋ መሳቡ እዚያ ጎን ላይ ይጠነክራል። ነዳጅ በጨመራችሁ ቁጥር ወንፊቱን በመጥረጊያ ጥረጉ። ሞተሩ ድምፁ ተለውጦ አየር መሳብ ከጀመረ ተደፍኗል ማለት ነው፤ ቅርጫቱን አውጥቶ መጣል ሳይሆን ማጠብ ነው። የአልጋ አጎበር በምንም ምክንያት አትጠቀሙ፦ ቀዳዳው ወዲያው ይደፈናል፣ ከዚያም በላይ የተነከረበት የወባ መድኃኒት ለዓሣ መርዝ ነው።

መጠጊያ ኩሬዎች

ወንዙ ሲቆራረጥ የሚተርፈው ዓሣ ኩሬ ያገኘው ነው። ስለዚህ ታኅሣሥ ሳይወጣ ወንዙን በእግር ሄዳችሁ ኩሬዎቹን መዝግቡ። በየሁለት ሦስት ኪሎ ሜትሩ ቢያንስ አንድ ኩሬ ሞተር የማይነካው ሆኖ ይመረጥ። በሚያዝያም ቢሆን አንድ ሜትር ጥልቀት የሚኖረው፣ ከዳሩ ምንጭ የሚያጠጣው፣ ዛፍ የሚያጠላበት ይቀድማል። የትኞቹ እንደማይደርቁ ከሁሉም በላይ የሚያውቁት በዚያ ዳር የኖሩ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሳትጠይቋቸው አትምረጡ።

በተመረጠው ኩሬ የመድኃኒት መርጫ ማጠብ ፈጽሞ አይቻልም። በሙሉ ወንዝ የሚበተን መርዝ በኩሬ ውስጥ ይጠራቀማል። ዓሣ ለመያዝ የሚፈጨው የብርብራ ዛፍ ፍሬም እንደዚሁ ነው፤ በተቆረጠ ኩሬ አንድ ቁና የብርብራ ዱቄት ትልቁንም ትንሹንም አንድ ላይ ይጨርሳል። ጥላ ከሌለ በቀርከሃ መደብ ሠርታችሁ ሣር ከላይ አልብሱ። ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ውሃው ውስጥ አትጣሉ፤ ሲበሰብስ አየሩን ይጨርስበታል፣ ባሕር ዛፍ ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው። ቅጠሉ የተራገፈ ግንድ ግን ከወፍ መደበቂያ ስለሚሆን ጥሩ ነው። ኩሬውን በማሽን ማስቆፈር ደግሞ ምንጩን ሊደፍንና ጠጠሩን ሊያጠፋ ስለሚችል አንመክረውም።

ኩሬው መታመሙ የሚታወቀው ቀን አይደለም። የውሃ ውስጥ ተክሎች ሌሊቱን ሙሉ አየር ስለሚጠቀሙ ከፍተኛው እጥረት ሊነጋ ሲል ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሂዱና ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው የውሃውን ገጽ እየሳሙ ከሆነ፣ ገጹም በትንንሽ ክብ ከተሞላ፣ ጊዜ የለም። በጣና ከፍታ 26 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ቢበዛ በሊትር 6.5 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ነው የሚይዘው፤ ተጨናንቀው ሲያድሩ ከሁለት በታች ይወርዳል። በዚያው ሰዓት አንድ ሞተር በቅርጫት ከልላችሁ ከኩሬው ሳቡና ያንኑ ውሃ ድንጋይ ላይ እየረጫችሁ ወደ ኩሬው መልሱት። ፀሐይ እስክትሞቅ ሁለት ሦስት ሰዓት ይበቃል። ጭቃ እንዳይቀሰቅስ የሚመለሰው ውሃ ወለሉን አይምታ።

የማይተርፍ ኩሬ ውስጥ ያሉትን ማውጣት

ጥልቀቱ ከ30 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ምንጭ የሌለው ኩሬ ይደርቃል። ማዛወር የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ከመጀመራችሁ በፊት የወረዳውን የእንስሳትና ዓሣ ባለሙያ አሳውቁና ፈቃድ ያዙ፤ ዓሣ ማዛወር በፈቃድ የሚሠራ ሥራ ነው።

ሲነጋ ጀምሩ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ጨርሱ። ቋጠሮ የሌለውና ዓይኑ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎታች መረብ ይሻላል፤ ቋጠሮ ቅርፊት ይልጣል፣ የተላጠ ዓሣ ደግሞ ከቀናት በኋላ በሻጋታ ይሞታል። እጃችሁን አርጥቡ። ኬሚካል ነክቶት የማያውቅ በርሜል ውስጥ ንጹሕ የወንዝ ውሃ ሙሉና ለ100 ሊትር 300 ግራም የገበታ ጨው ጨምሩ። አየር መንፊያ ከሌለ በ100 ሊትር ከ3 ኪሎ በላይ ዓሣ አትጫኑ፣ ጉዞውም ከአንድ ሰዓት አይብለጥ። አምባዛን ለብቻው ያዙ፤ ከጫጩት ጋር ከተጫነ መንገድ ላይ ይበላቸዋል።

ስትለቁ የሁለቱን ውሃ ሙቀት ለኩ። ልዩነቱ ከ3 ዲግሪ ከበለጠ በየአምስት ደቂቃው የበርሜሉን ሩብ በአዲሱ ውሃ ተኩ፣ አራት ጊዜ። የሚለቀቁት በዚያው ወንዝ ታችኛው ክፍል ነው። የጉማራን ዓሣ ርብ ውስጥ አትክተቱ፤ እያንዳንዱ ዘር ወደ ተፈለፈለበት ወንዝ የሚመለስ ሊሆን ስለሚችል መደባለቁ ጉዳት አለው። ዝርያ፣ ብዛት፣ የሞተ፣ ቀንና ቦታ ጻፉ።

የተቆጠበ ውሃ ወንዝ ውስጥ እንዲቀር

ሽንኩርት ሥሩ ጥልቅ አይደለም። አንድ ሔክታር 30 ሚሊ ሜትር ለማጠጣት 300 ሜትር ኩብ ይበቃል፤ በ9 ሊትር ሞተር ከ9 ሰዓት ትንሽ ያልፋል። 14 ሰዓት ከሠራ ከ150 ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ከሥሩ በታች ወርዷል፣ ናፍጣውም አብሮት። ቀጭን ብረት መሬት ውስጥ ስደዱ፦ 30 ሳንቲ ሜትር ያለ ትግል ከገባ ደርሷልና ሞተሩን አጥፉ።

ይህ ሁሉ ግን ዓሣውን የሚጠቅመው በጽሑፍ ሲታሰር ነው። ውሃ የቆጠበ ገበሬ በተረፈው ግማሽ ሔክታር ከጨመረ ወንዙ እንደ ነበረው ይደርቃል፤ ይህን ክፉ ልማድ ብሎ መውቀስም አይገባም፣ ማንም ያደርገዋል። ስለዚህ በማኅበሩ ቃለ ጉባኤ ላይ የሞተሩ ብዛትና የማሳው ስፋት ከነቁጥሩ ይስፈር፤ የችካሉ መስመርም አብሮ ይጻፍ።

ግድቡን መክፈት

የጆንያና የአፈር መጥለፊያዎች እስከ ሰኔ 15 ይነሡ። አፈሩን ጎርፍ ይወስደዋል፤ ጆንያው ግን ተቀብሮ ይቀርና ዓሣውን ያግዳል። የማይፈርስ የሲሚንቶ ግድብ ካለ የድንጋይ መወጣጫ ይሠራለት፦ ለ60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት፣ ቢያንስ 2 ሜትር ስፋት። ከ50 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር የሚሆኑ ድንጋዮችን ግማሽ ድረስ ቀብራችሁ በየ1.5 ሜትሩ ስምንት ረድፍ አድርጉ፤ እያንዳንዱ ረድፍ 7.5 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። በረድፉ ውስጥ 25 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተዉ፣ የሚቀጥለው ረድፍ ክፍተት ደግሞ ፊት ለፊቱ አይሁን። የታችኛው ረድፍ ግማሽ ሜትር ወደ ታች ካልተቀበረ የመጀመሪያው ጎርፍ ያንከባልለዋል፣ ሌላውም ይከተለዋል። በድንጋዮቹ መሀል ጠጠርና ሸክላ አፈር ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ሙሉ፤ አለበለዚያ ውሃው ከሥር ሰርጎ መወጣጫው ላዩ ደረቅ ይሆናል። የግድቡ ዝቅተኛ ጫፍም በመወጣጫው ራስ ላይ ይሁን፦ ዓሣ የሚሄደው ኃይለኛው ውሃ ወደሚመጣበት ነው፣ ዋናው ፈሰስ በሌላ በኩል ከወረደ ግድቡ ሥር ተሰብስቦ ይቀራል፣ መረብ ያለውም ሰው እዚያው ያገኘዋል።